የደኅንነት ወጪ ከጨረታ ፉክክር ይውጣ

በአዲስ አበባ ከባሕር ዛፍ አጣና በተሠራ መወጣጫ ላይ ያለ ቀበቶ የቆመ የቀን ሠራተኛ ማየት የተለመደ ነው። ጉድለቱ የሕግ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ችግሩ የሚጀምረው ከጨረታው ነው። የደኅንነት ወጪ ከሌሎች ወጪዎች ጋር ተጠቃሎ ሲቀርብ፣ ለመወጣጫና ለቀበቶ በቂ ገንዘብ የያዘው ተቋራጭ በዋጋ ይሸነፋል፤ የቀነሰው ሥራውን ይረከባል። ስለዚህ የግንባታው ባለቤት ይህን ወጪ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው፣ ለሁሉም ተጫራች እኩል በሆነ ቁርጥ ዋጋ ሊያስቀምጠው ይገባል። አማካሪ መሐንዲሱም ክፍያውን የሚያጸድቀው መሣሪያው በሥራ ላይ መዋሉን በቦታው ተገኝቶ ሲያረጋግጥ ብቻ ሊሆን ይገባል። ተቋራጮች በሲሚንቶና በብረት ዋጋ ይወዳደሩ፤ በሠራተኛው ሕይወት ግን አይደለም።