ከዊንድሰር ወደ ደረስጌ፤ በዳባት መንገድ

በዚህ ዓምድ ስለ ሩቅ አገር ጉዞ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። የዛሬው ግን በባዕድ አገር ተጀምሮ በሰሜን ተራራ ላይ ስለ ተፈጸመ አንድ የቤተ ሰብ ጉዞ ነው። ዓመቱን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር አድርገነዋል።

በ2008 ዓመተ ምሕረት ከባለቤቴና ከልጄ ጋራ ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ ሳለሁ፥ ከለንደን ብዙ የማይርቀውን የዊንድሰርን ቤተ መንግሥት ለማየት ወጣን። በግቢው ውስጥ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ለልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ መታሰቢያ ተደርጎ የተሠራውን የናስ ጽሑፍ አገኘን። ልዑሉ በ1860 ዓ.ም. አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፥ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፥ ንግሥት ቪክቶሪያም በርኅራኄ ተቀብላው፥ በታወቁ ትምህርት ቤቶች ተምሮ፥ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዚያ ተቀበረ።

ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት የሆናት ልጄ ጽሑፉን ቀስ ብላ ካነበበች በኋላ፥ «የእናቱ አገርስ ወዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሰሜን ነው» አልኋት። «እንዴት ያለ አገር ነው?» ባለችኝ ጊዜ ግን አፍሬ ዝም አልሁ። ሮማንና ፓሪስን አይቻለሁ፤ ከጎንደር ወዲያ ግን አልፌ አላውቅም ነበርና።

ስለዚህ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሦስታችን ከጎንደር በአውቶሞቢል ተነሣን። ኮሶዬንና አምባ ጊዮርጊስን አልፈን የወገራን ደጋ ስናቋርጥ ገብሱ በግራና በቀኝ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዝን ዳባት ደረስን፤ በዚያም የባለቤቴ ዘመድ የሆኑ አንድ ሽማግሌ በቆሎና በቡና ተቀበሉን። ከልጅ ጋራ ወደዚህ አገር የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጋቢና የሱፍ ልብስ ይያዝ። እኛ ለአዲስ አበባ ብርድ የሚበቃውን ብቻ ይዘን ሄደን፥ ሌሊቱን በሽማግሌው ጋቢ አሳለፍነው።

በማግሥቱ ደባርቅ ገብተን፥ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድና መሪ፥ ደግሞም ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ተቀብለን ወደ ሳንቃበር ወጣን። (ከደባርቅ በስተ ሰሜን ያለውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድና በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር የተከበበው የጣልያን ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠበትን ወልከፊትን ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል።) መሬቱ ሜዳ መስሎ ሲሄድ ሲሄድ በድንገት ያልቃል፤ ከገደሉ በታችም ሌላ አገር፥ ሌላ ተራራ፥ በመካከሉም ደመና ተኝቶ ይታያል። ልጄን በመቀነቷ ይዤ ቆምሁ። ጭላዳዎቹ በብዙ መቶ ሆነው ሣር እየነጩ ሲበሉ እኛን ከቁም ነገር አልቈጠሩንም። ወደ ጨነቅ ሲወጣ ጅብራው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ይቆማል፤ ከሰሜን በቀር በዱር የማይገኘውንም ዋሊያ መሪያችን በጣቱ አሳየን። በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ መዝገብ በተከፈተ ጊዜ ከዓለም ሁሉ አስቀድመው ከተጻፉት 12 ቦታዎች ሁለቱ ላሊበላና ይህ ሰሜን ነበሩ፤ የአሜሪካው የሎውስቶንና የጋላፓጎስ ደሴቶችም ከእነርሱ ጋራ ነበሩ።

መሪያችን የግጭን ሣር ሲያመሰግን ባለቤቴ «የማን ማሳ ነበር?» አለችው። የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከዚያ ተነሥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ መደረጉን ነገረን። ፓርኩም ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ከቆየበት የአደጋ መዝገብ በሐምሌ 2009 ወጥቷል። ሣሩ እውነትም ያማረ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ባለቤቴ ስለ ሣሩ አልተናገረችም።

ከፓርኩ ወዲያ መንገዱ ወደ ጃናሞራ ያደርሳል፤ ደረስጌ ማርያም በዚያ ናት። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በአገራቸው ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር በሥራው እንደ ረዳ ይነገራል። ደጃዝማች ውቤም ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው ነበር ይባላል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ድል አድርገዋቸው፥ በጥቂት ቀን ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤም እስረኛ ሆነው ኖረው ሞቱ።

ታሪክ ጸሓፊዎች እዚህ ላይ ስለ ዘውዱ ብዙ ይጽፋሉ። ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሆነ ግን እኔ የውቤን ልጅ የእቴጌ ጥሩወርቅን ነገር እጽፋለሁ። የአባታቸውን ዙፋን የወሰደውንና አባታቸውን ያሰረውን ንጉሥ አገቡ፤ ዓለማየሁንም ወለዱለት። ባላቸው በሞቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፥ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ሲጓዙ በትግሬ አገር ሞተው በጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ ከዚያ ወዲያ ብቻውን ሄደ። ልጄ በሥዕሎቹ ፊት ቆማ ይህን ከሰማች በኋላ፥ «እንግዲያስ አባቱ በአያቱ ቤት ነገሡ» አለች፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

በመልሳችን ዳባት ስናድር ሽማግሌው «ምን አየሽ፥ ልጄ?» ቢሏት፥ ተራራውን ትታ ስለ ዊንድሰር ነገረቻቸው። ልጁ በእንግሊዞች መወሰዱን ያውቁ ነበር፤ መቃብሩን ያየ ሰው ግን አግኝተው አያውቁም። ወደ እኔ ዞረው «ታዲያ አሁንስ አይመልሱትም?» አሉኝ። መንግሥታችን መጠየቁን ነገርኋቸው።

በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አጽሙን ለማውጣት ቢሞከር በአጠገቡ ያረፉት የሌሎች አጽም ይነካል ሲል የመመለሱን ልመና ሳይቀበል ቀረ። ይህን ለሽማግሌው በስልክ የነገረቻቸው አሁን ለአካለ መጠን የደረሰችው ልጄ ናት። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «በዚያ በናሱ ላይ የጥሩወርቅ ስም አለ?» ብለው ጠየቋት።

«የአባቱ ብቻ ነው፥ አባባ» አለቻቸው።