የአረጋውያን መድኃኒትና የመዝገቡ ሰዓት

እንደሚታወቀው በሱዳንም ሆነ በአገራችን አረጋውያን የሚጦሩት በአብዛኛው በመጦሪያ ተቋም ሳይሆን በቤተሰባቸው መካከል ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት በካርቱም፣ በዓባይ ዳር እንደተቆረቆረው እንደ አል-ማንሺያ ባሉ ሠፈሮች፣ የቤት ሥራውን ከማስታመሙ ጋር ደርበው የያዙ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። ቤቱ መጦሪያ ተብሎ ባይሰየምም መድኃኒት በሰዓት የሚሰጥበት እስከሆነ ድረስ የመጦሪያ ኃላፊነት አለበት።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሆነው በሱዳኖች አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። ሠራተኛዋ ለስኳር በሽተኛው አረጋዊ ኢንሱሊኑን ወግታ «2 ሰዓት» ብላ ብትጽፍ፣ ኋላ የምትገባው የቤቱ ልጅ የሌሊቱ ነው በማለት የጠዋቱን ልትደግመው ትችላለች። የተደገመ ኢንሱሊን የደምን ስኳር ከመጠን በታች ያወርዳል፤ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ አእምሮን ያደናግራል፤ ፈጥኖ ካልተደረሰለትም ይገድላል። የባሰው ደግሞ አረጋዊ ሲደናገር እርጅና ነው ተብሎ መታለፉ ነው። ሁለቱም ሴቶች ተግተው ሠርተዋል፤ አንዳቸውም አልዋሹም።

ዘብ የሚረካከብ ወታደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተረካቢው የሚያምነው የጓደኛውን ትዝታ ሳይሆን መዝገቡን ነው። በመድኃኒቱም መዝገብ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሰጪው ፊርማ መስፈር አለበት፤ ፊርማውም መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም። ሳይዋጥ የተፈረመበት ቦታ ከባዶው ይከፋል፤ ባዶው ቢያንስ ያስጠይቃልና። አረጋዊው አልወስድም ካሉም እንቢታቸው ከነምክንያቱ ይጻፍ። በረመዳን ሐኪሙ ሰዓቱን ካዛወረው አሮጌው ሰዓት ተሰርዞ አዲሱ ይተካ።

ጦርነቱ ሕዝቡን ባፈናቀለ ጊዜ ብዙዎች በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። በእንዲህ ያለ ጉዞ አስታማሚና ታማሚ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ስም የሌለው ነጭ ኪኒን በከረጢት ይዞ የደረሰን አረጋዊ የሚቀበል ጤና ረዳትም የሚመራው ነገር አይኖረውም። በአንጻሩ ከኪስ የምትገባ አንዲት የተጻፈች ወረቀት ብዙ ታስረዳዋለች።

ስለዚህ መጦሪያዎችም ሆኑ አረጋውያንን በቤታቸው የሚያስታምሙ ሁሉ በመዝገባቸው ላይ «ጠዋት» ወይም «ሌሊት» የሚለውን ከሰዓቱ ሳይነጥሉ እንዲጽፉ፣ በባዕድ አገር ያሉትም የአገሩን አቆጣጠር ከጎኑ እንዲያሰፍሩ እናሳስባለን።