የቅዳሜው አገልግል

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ደርቋል፤ ጥቅምትም ብርዱን ይዞ ገብቷል። ወቅቱ ለእግር መንገድ የተመቸ ነውና ዛሬ ስለ ሰፈራችን የቅዳሜ ጉዞና ከጉዞው በኋላ ስለምንቀርበው ማዕድ ላጫውታችሁ።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ከሐኪም ክፍል የሚወጣ የስኳርም ሆነ የደም ግፊት ታካሚ «በእግርዎ ይንቀሳቀሱ» ተብሎ ይሸኝ ነበር። ታካሚውም «እሺ» ብሎ ይሄዳል። በቀጣዩ ቀጠሮ «እየተራመዱ ነው ወይ?» ስንል መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ብቻዬን የት ልሂድ ልጄ?» ይሉናል። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውኃ ሲቀዱ፣ ገበያ ሲወርዱ፣ ለቅሶ ሲደርሱ በእግራቸው የኖሩ ናቸው። ያለ ምክንያት ብቻ መዞር ግን ለብዙ ትልልቅ ሰዎች ያሳፍራል፤ «ምን ሆነው ነው?» የሚያሰኝ ይመስላቸዋል።

ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። እኛ ብሎክ ውስጥ ያለነው ሰዎች ከተለያየ አሮጌ ሰፈር የመጣን ነን። በድሮው ሰፈር ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራ ነበር፤ እዚህ ግን በሩ ዝግ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አንዲት እናት ከደረጃው የሚወርዱት ለቀብርና ለቀጠሮ ብቻ እንደሆነ የነገሩኝ ያለ ቅሬታ፣ እንደ ተራ ነገር ነው። እኔን ግን አስደነገጠኝ። ጉልበት ካልሠራ ይደርቃል፤ ሰው ካላነጋገሩት ደግሞ ምግብም መድኃኒትም ይረሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ደግሞ መውደቅን ለመከላከል ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴን በሳምንት 3 ቀን ያክልበታል። ለልጆች፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት፣ በቀን 60 ደቂቃ ይላል። የቅዳሜው ጉዟችን ይህን ሁሉ አይሞላም። ግን ቅዳሜ አብረው የተጓዙ ሁለት ሴቶች ማክሰኞ ላይ «እስከ አስፋልቱ ደርሰን እንመለስ» ይባባላሉ። ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው።

ይህን ጉዞ ያቆየው ምግቡ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በእግር መሄድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቅዳሜ ሄደን በሦስተኛው «ዛሬስ ደክሞኛል» እንል ነበር። «ንፍሮውን እኔ አመጣለሁ» ያለ ሰው ግን ይመጣል። የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ያውቃላ! በጡረታ ቤት የዋለ ሰው ትልቁ ችግሩ ማንም የማይጠብቀው መሆኑ ነው። አገልግል ተሸክሞ ሲወጣ ግን ተፈላጊ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ምግብ ሰውን ሊያባርርም ይችላል። አንድ ጊዜ ከመካከላችን አቅም ያላቸው ሰዎች «ሴቶቹ ለምን ይድከሙ? ብር አዋጥተን ከምግብ ቤት እናዝዝ» አሉ። ለበጎ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ቀሩ፤ በሦስተኛውም አልታዩም። ልጠይቃቸው ብሄድ «ሲስተር፣ ጉልበቴን ትንሽ አመመኝ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ባየው እብጠትም የለው፣ ሲታጠፍም አያማቸው። ባለቤታቸው በር ድረስ ሲሸኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱ እንኳ ደኅና ነው። መዋጮው ነው። ባዶ እጁን ሄዶ ሰው ያዋጣውን መብላት አይሆንለትም» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስማቸውን ሳላነሳ «የቤት ምግብ ናፈቀኝ፤ እባካችሁ ሁላችንም ከየቤታችን ያለውን እንያዝ» አልኩ። መዋጮው ቀረ። ለባለቤታቸውም «እትዬ፣ የእርስዎን ቆሎ የሚያህል የለም፤ አደራ» ብዬ ላክሁባቸው። ሰውየው ቆሎውን በፌስታል ቋጥረው ከሁሉም ቀድመው መጡ። ዛሬ ከኋላ የቀረ ሰው እንዳይኖር የሚጠብቁልን እሳቸው ናቸው። የስኳር ክትትል ያላቸው ሰው ናቸው፤ ከጉዞው ቢቀሩ ኖሮ ጉዳቱ የምሳ ብቻ አይሆንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያጸናናቸውን ደንቦች እነግራችኋለሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው፣ ብር አይዋጣም። ሁሉም ቤት ያፈራውን ያመጣል፤ ሽንብራ ንፍሮም ይሁን ሦስት ሙዝ። ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ሰዎች ሁሉንም ተቀብለው በትሪ ላይ ያቀላቅሉታል። ማን ምን እንዳመጣ አይነገርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ምግቡ ሁልጊዜ የጾም ነው። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ሥጋ ከመጣ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አዚፋ፣ ጎመን፣ ተልባ ፍትፍት፣ የተቀቀለ ድንች፣ ድፎ ዳቦ ከሆነ ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። የሚያሰክር መጠጥም አይመጣም። ሰዓት የሚጾም ካለ ድርሻው ተቋጥሮ ይሰጠዋል። በረመዳን ደግሞ ጉዞውን ወደ አመሻሽ እንወስደውና ማዕዱን በማፍጠሪያ ሰዓት በብሎካችን የጋራ መገልገያ ቤት እናደርገዋለን።

ሦስተኛው የጤና ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ከሚበላው ሁሉ ተደምሮ። ስለዚህ ጨው አነስ፣ ሎሚና ቃሪያ በዛ ይደረጋል። ሻዩ ያለ ስኳር ይፈላል፤ ስኳር የሚፈልግ ለብቻው ይጨምራል። ጥርስ ለሌላቸው ከቆሎ ይልቅ ንፍሮ ይሻላል። የበሰለ እርጥብ ምግብ ጠዋት ይሠራል እንጂ አድሮ አይመጣም፤ ከወጣ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየትም የለበትም። አንድ ጀሪካን ውኃና ሳሙና ከሁሉ በፊት ይታሰባል። ጉርሻ ደስ የሚለው እጅ ሲታጠብ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ለጀማሪ ዳገት አትምረጡ። በየሰፈሩ ያለው ሜዳማ መናፈሻ፣ በቦሌ በኩል ላለ ፒኮክ ፓርክ፣ በደቡብ በኩል ላለ ብሔረ ጽጌ ይበቃል። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ስለሆነ አጠር ያለ መስመር አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ አዲስ አበባ ለኖረ ሰው እንኳ ትንፋሽ ያጥራልና ለወራት ከተለማመዳችሁ በኋላ ውጡት። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ የወደቀበት ቁልቁለት ስለሚያንሸራትት በትር ይያዝ።

ከፊት የሚሄደው ሁልጊዜ ከሁሉ ዝግ የሚለው ሰው ነው። ፈጣኑ ከፊት ከሆነ ደካማው እየሮጠ ይደርስና ሌላው ዐርፎ ሲነሣ እሱ ሳያርፍ ይነሣል። ትክክለኛው ፍጥነት እየተራመዱ መጨዋወት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ነው።

ሽንት ቤት የት እንዳለ አስቀድማችሁ እዩ። ይህን የምለው ብዙ እናቶች ከቤት ከመውጣታቸው በፊት በዚሁ ፍርሃት ውኃ እንደማይጠጡ ስለማውቅ ነው። የግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያስሸና ከሆነ ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ መሄዱ ያዞራል፤ ያወድቃል።

ስኳር ያለበት ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ፣ በባዶ ሆዱ አይጓዝ። ላብ ካሰመጠው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ቁጭ አድርጋችሁ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙለት። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ባፉ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ጫማው ሰፋ ያለ፣ ካልሲውም ንጹሕ ይሁን። ማታ እግሩን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይይለት፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ጠጠር ሲወጋው አይሰማውምና። ሲራመድ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ላኩልን። እኛ ዘንድ ልጆች ሥራ አላቸው፤ ስንነሣና ዕረፍት ላይ ስንደርስ ሰው ይቆጥራሉ። «አባባ፣ አንድ ሰው ጎደለ!» ሲሉ የሁላችንም ልብ ይቆማል። አያቶች ደግሞ በተራቸው ዛፍ ያሳያሉ። ወይራው የወተት ዕቃ ይታጠንበት እንደነበር፣ የኮሶ ዛፍ አበባ ለኮሶ ትል ይጠጣ እንደነበር ይነግራሉ። እኔም ጣልቃ ገብቼ ዛሬ በልክ የተሠራ እንክብል ስላለ ማንም ኮሶ በቤቱ እንዳይሞክር አሳስባለሁ። ስልኩን ከእጁ የማያወርድ የ12 ዓመት ልጅ «ይኼኛውስ ምንድን ነው?» እያለ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ለአያቱም ለእሱም ትልቅ ነገር ነው።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብለው አውራ ጎዳናዎችን ለእግረኛ መልቀቅ በተጀመረ ጊዜ ብዙዎቻችን አስፋልቱ ላይ ሕፃናት ሲሯሯጡ አይተን ተደስተን ነበር። ያ ቀን ግን በወር አንዴ ነበር። በየሳምንቱ ለመገናኘት የሚያስፈልጉት ሦስት ቤቶችና አንድ አገልግል ናቸው።

እንዲህ ጀምሩ። በዚህ ሳምንት ከደረጃው የማይወርድ አንድ ሰው አስቡ። «ይምጡ፣ ይጠቅምዎታል» አትበሉ፤ ይህን ሐኪሙ ብሎታል። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንወጣለን፤ ዳቦው ከእርስዎ ነው» በሉ። የመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ከበላችሁም በኋላ ወዲያው አትቀመጡ፤ 10 ደቂቃ ዝግ ብላችሁ ተራመዱ፣ ስኳር እንዳይወጣ ይረዳል። ቆሻሻችሁን ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ከመለያየታችሁ በፊትም በሚቀጥለው ቅዳሜ ማን ምን እንደሚያመጣ ተነጋገሩ፤ ባዶ እጁን ሊመጣ የተገደደ ካለ ውኃውን የመያዝ ሥራ ስጡት።