ትዳር ባሕር ሲሻገር

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት በየወሩ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በብዙ ቤት በሹክሹክታ የሚወራ፥ ነገር ግን በግልጽ ሊመከርበት የሚገባ ነው። ይኸውም ከባልና ሚስት አንደኛው በውጭ አገር፥ ሌላው በአገር ቤት ሆነው ሲኖሩ፥ አንድ ላይ ለመሆን ስለሚጠየቀው ቪዛና ቤተ ሰብን ይዞ አገር ስለ መለወጥ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በ2018 ዓ.ም. በጽጌ ጾም ሰሞን ወደ ቢዮ አዋሌ ያደረግነው ጉዞ ነው። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። የስሟ መጀመሪያ ቃል በሶማልኛ ውኃ ማለት ነው። እኛ በደረስንበት ጊዜ ማሽላው አፍርቶ ልጆች ወፍ ሲጠብቁ አየን። የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን፥ በመንግሥት ሥራ ተመድበው የሄዱ ጥቂት ክርስቲያኖችም በመልካም ጉርብትና አብረው ይኖራሉ። ከእነዚህም አንዷ፥ ስሟን የማንጠቅሰው መምህርት ናት።

ድሬዳዋ ከጥንት ጀምራ የመንገደኛ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከደረሰባት ጊዜ አንሥቶ ብዙ ሰው በእርሷ በኩል ወጥቷል፤ ብዙም ገብቷል። በዚያ ዘመን ሚስት ባሏን ለመከተል የባቡር ትኬት ብትይዝ ይበቃት ነበር። ዛሬ ግን ከመንገዱ በፊት የሚቀድም ረጅም የወረቀት ጉዳይ አለ። የመምህርቲቱም ችግር ይኸው ነበር።

መምህርቲቱ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ድሬዳዋ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓተ ተክሊል አገባች። ባሏ ቀደም ብሎ ወደ አሜሪካ ሄዶ፥ በተለምዶ ግሪን ካርድ የሚባለውን የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያገኘ ሰው ነው። ለሠርጉ መጥቶ፥ እስከ መጋቢት ቆይቶ ተመለሰ። በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ልጅቱ አባቷን ያወቀችው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። ማታ ማታ ስልኩን ይዛ በግቢው ውስጥ ትዞርና የቤቱን ባለቤት ፍየሎች ታሳየዋለች።

ባልየው ሚስቱንና ልጁን ለመውሰድ ወረቀት ማሰናዳት በጀመረ ጊዜ ሦስት ነገሮች ተሰናከሉ።

አንደኛው የስም ነገር ነው። ከቤተ ክርስቲያን በተሰጣቸው የጋብቻ የምስክር ወረቀት ላይ የተጻፈው የሙሽራዪቱ የክርስትና ስም ብቻ ነበር። በፓስፖርቷ ላይ ያለው ግን የዓለም ስሟ ነው። ጋብቻው በቀበሌ ስላልተመዘገበ፥ ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሌላ ሰነድ አልነበረም።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። የልጅቱ የልደት ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ፥ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ኦክቶበር 2020 ተብሎ ተጻፈ። ሰባት መደመር ሲገባ ስምንት ተደምሮ ነው። ትክክለኛው ዘመን 2019 ነበር። ወረቀቱን የሚያነብ ባዕድ ሰው፥ ልጅቱ አባቷ ከሄደ ከአሥራ ዘጠኝ ወር በኋላ ተወለደች ብሎ ሊያስብ ነው። በአንዲት አኃዝ ስሕተት የአንዲት ንጽሕት ሚስት ስም ሊነሣ እንደሚችል አስተውሉ።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ የከበደው ነው። አማቷ በድሬዳዋ የሚኖሩ አሮጊት ሲሆኑ፥ የሞተ ልጃቸውን ልጅ፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ያሳድጋሉ። አንድ ቀን ምራታቸውን አስጠርተው፥ «ልጄ፥ ይህን የሙት ልጅ ለማን ጥላችሁት ትሄዳላችሁ? አንድ ስም ብትጨምሪ ምን ይጎድልብሻል? የኔ ልጅ ነው በይና አስመዝግቢው» አሏት። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይም በአቅራቢያው ነበርና፥ ገንዘብ ከተከፈለው የልደት ወረቀቱን እንደሚያወጣ ተናገረ። ባልየውም በስልክ ሲጠየቅ የእናቱን ቃል መመለስ ከብዶት፥ «አንቺ እንዳልሽ ይሁን» ብሎ ሸክሙን በሚስቱ ላይ ጣለው።

ውድ አንባብያን፤ እንዲህ ያለውን ልመና እንደ ቀላል ክፋት ብቻ አንመልከተው። አማቲቱ የለመኑት ከርኅራኄ የተነሣ ነው። በአገራችን ልማድ የወንድም ልጅ ልጅ ነው። የባዕድ አገር ሕግ ግን ልጅ የሚለውን በሌላ መስፈሪያ ይሰፍራል፤ ቆንስላው ጥርጥር ያደረበት እንደ ሆነ የዲኤንኤ ምርመራ ይጠይቃል። ሐሰቱ ከተገለጠ ልጁ ብቻ አይቀርም። እናትዮዋም በአታላይነት ተመዝግባ፥ በልዩ ምሕረት ካልሆነ በቀር ከዚያ ወዲያ ቪዛ ልትከለከል ትችላለች። እውነተኛዪቱ ልጅም ያለ አባት ትቀራለች።

መምህርቲቱ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ቆንስላው ፊት ቀኝ እጅሽን አንሥተሽ እውነቱን እናገራለሁ ብለሽ ልትምዪ ነው። ትዳራችሁ የተጀመረው በቃል ኪዳን ነው፤ አዲሱን ኑሮአችሁን በሐሰት መሐላ አትጀምሪው። ለልጁ የሚደረገውን ግን ከመሄድሽ በፊት አድርጉ» አሏት። ከዚያ በኋላ ባልየውን በስልክ አግኝተው፥ ለእናቱ መልስ መስጠት የሚገባው እርሱ እንጂ ሚስቱ እንዳልሆነች ነገሩት። ባልየውም ለእናቱ ራሱ ተናገረ፤ ለልጁም የትምህርት ቤት ክፍያና የልብስ ገንዘብ በየወሩ መላክ ጀመረ። አማቲቱ ለብዙ ሳምንት ምራታቸውን አላነጋገሯትም ነበር። እኛ በደረስን ጊዜ ግን ልጁን ለበዓል ወደ ቢዮ አዋሌ ልከውት፥ ከአክስቱ ልጅ ጋር ሲጫወት አገኘነው።

ሌላውም ተቃና። የክርስትና ስሟና የዓለም ስሟ የአንድ ሰው መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያኒቱ በጽሑፍ አረጋገጠችላት፤ ጋብቻውም በክብር መዝገብ ተመዘገበ፤ የልጅቱም ወረቀት ታርሞ እንደ ገና ተተረጐመ። ይህ ሁሉ አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። በሠርጉ ሰሞን ቢደረግ ኖሮ ጥቂት ቀን ይበቃው ነበር።

ከዚህ ታሪክ በመነሣት፥ ተመሳሳይ አሳብ ላላችሁ ቤተ ሰቦች የሚከተለውን ልናሳስብ እንወዳለን።

በመጀመሪያ፥ ጋብቻችሁን አስመዝግቡ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ይኸውም አዋጅ ቍጥር 213፥ በድሬዳዋም የሚሠራ ሲሆን፥ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል። ነገር ግን ጋብቻው በማናቸውም ሥርዓት ቢፈጸም በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 760 ተደንግጎ፥ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ተጀምሯል። ጋብቻን በ30 ቀን፥ ልደትን በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ይገባል። ተክሊሉ በእግዚአብሔር ፊት አንድ ያደርጋችኋል፤ የመዝገቡ ወረቀት ደግሞ ይህን አንድነት ለማያውቃችሁ ሹም ያስረዳላችኋል።

ሁለተኛ፥ ስምና ዘመን በሰነዶቻችሁ ሁሉ አንድ ዐይነት ይሁኑ። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ባለው ጊዜ በዘመናችን ላይ 7፥ ከዚያ በኋላ ባለው 8 ይደመራል። ለምሳሌ መስከረም 10 ቀን 1985 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 20 ቀን 1992 ሲሆን፥ ጥር 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ጃንዋሪ 29 ቀን 1993 ነው። እንዲሁም የኢትዮጵያ ሴት ባገባች ጊዜ የአባቷን ስም እንደማትለውጥ ለማያውቁ መሥሪያ ቤቶች ማስረዳት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ ያለውን አትሰውሩ፤ የሌለውን አትጨምሩ። በዲቪ ዕጣ የሚያመለክት ባለትዳር ሚስቱንና ልጆቹን ሳይጽፍ ቢቀር፥ ዕጣው ቢደርሰው እንኳ ቪዛውን ይከለከላል። ለወረቀት ብሎ በሐሰት የተጋባ ሰው ደግሞ፥ በኋላ እውነተኛ ትዳር ቢይዝም፥ የትዳር ጓደኛው በአሜሪካ ለእርሱ የሚያቀርብለት ማመልከቻ አይጸድቅለትም፤ እስከ 5 ዓመት እሥራትም ያስቀጣል።

አራተኛ፥ የጠሪውን አቅም አስቀድማችሁ ዕወቁ። በአሜሪካ ጠሪው ገቢው መንግሥት ከወሰነው የድህነት መስመር ቢያንስ 125 ከመቶ መሆኑን አሳይቶ በዋስትና ይፈርማል፤ ይህም ዋስትና በፍቺ አይሰረዝም። በብሪታንያ ለባለትዳር ጠሪ ተወስኖ የነበረው 18,600 ፓውንድ የዓመት ገቢ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ጀርመን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም ባል ከመነሣታቸው በፊት የመጀመሪያ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና እንዲያልፉ ትጠይቃለች። ስለዚህ ጠሪው በዚያ አገር በምን ገቢ እንደሚኖር ለሚስቱ ይንገራት። በስልክ የሚታየው ጥሩ ልብስ የገቢ መግለጫ አይደለም።

አምስተኛ፥ የምትሄዱት እኅቶች መብታችሁን ዕወቁ። ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው በጋብቻው ምክንያት ወደ አሜሪካ የገባች ሚስት የሚሰጣት የሁለት ዓመት ፈቃድ ነው። ጊዜው ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስቱ አንድ ላይ ሆነው ቋሚ እንዲሆን ያመለክታሉ። ባልየው ግን የሚደበድባትና የሚያሠቃያት ከሆነ፥ ያለ እርሱ ፊርማ ብቻዋን ልታመለክት ሕጉ ይፈቅድላታል። «ወረቀትሽን አስነጥቅሻለሁ» በሚል ዛቻ በጭቆና ውስጥ መኖር አይገባትም። ይህን ለሴት ልጆቻችን ከመሳፈራቸው በፊት እንንገራቸው።

በመጨረሻም፥ መጠበቅን ዕቅድ አድርጉት። በኮሮና ዘመን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የቋሚ ነዋሪዎችን ባለቤቶች ቪዛ ጭምር አግዶ፥ እገዳውን ያነሣው በየካቲት 2013 ዓ.ም. ነው። ከቢዮ አዋሌ ከተመለስን በኋላም፥ በጥር 2018 ዓ.ም. ያው መንግሥት የ75 አገሮችን የኢሚግራንት ቪዛ ለጊዜው ማቆሙን ሲያስታውቅ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ ተቈጠረች። ወረቀቷን ሁሉ ያስተካከለችው መምህርትም ዜናውን እንደማንኛውም ሰው በስልኳ ሰማች። ስለዚህ ማንም ከማመልከቱ በፊት በዚያ ጊዜ የሚሠራበትን ደንብ ከኤምባሲው ይጠይቅ። ቪዛው በእጅ ሳይገባ ሥራ አይለቀቅ፤ ቤት አይሸጥ፤ ልጅም ከትምህርት ቤት አይውጣ።

ለመምህርቲቱ ደውለን፥ «እንዴት ሆንሽ?» ብለን ጠይቀናት ነበር። «ሥራዬን ባለመልቀቄ እግዚአብሔር ይመስገን። አከራዬም፥ ‹አንቺ ልጅ፥ ማሽላው እኮ በየዓመቱ ነው የሚዘራው፤ የከርሞው ይደርስልሻል› ብለው አጽናኑኝ። ባለቤቴ ደግሞ እኔ መሄድ ባልችል እርሱ ለፋሲካ ይመጣል» አለችን። ልጅቱ ከአጠገቧ ሆና «ለስንት ቀን ነው የሚመጣው?» ስትል በስልኩ ውስጥ ተሰማን።

በጽጌ ወራት የእመቤታችንን ስደት ስናስብ፥ ሕፃኑም፥ እናቱም፥ አረጋዊው ዮሴፍም በአንድ መንገድ አብረው መጓዛቸውን እናስታውሳለን። በዛሬው ዘመን አብሮ መጓዝ ለሁሉ አልተቻለም። ቢሆንም የተለያዩት ባልና ሚስት በአንድ ምክርና በአንድ እውነት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት፥ ለመሄድ ያሰባችሁም ያላሰባችሁም፥ የቤታችሁን የሰነድ ሣጥን ከፍታችሁ ተመልከቱ። የጋብቻችሁ ወረቀት ከመዝገብ የወጣ ነውን? የልጆቻችሁ ልደት ተመዝግቧልን? ስማችሁስ በሁሉ ላይ አንድ ነውን? የጎደለውን አሁን ሳይቸግራችሁ አሟሉ። የተለያዩትን እግዚአብሔር ያገናኝልን። አሜን።