የስልኩ ልብ ወለድ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የኔ ጉድ ግን የመጣው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ ሰዓቱ ከማለዳው 12፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት ዳር። አንድ የጥንት የትምህርት ቤት ወዳጄ የስፖርት ቱታ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ በፈጣን እርምጃ ይመጣል። ስንት ጊዜ ተለያይተን! ልስመው እጆቼን ስዘረጋ እሱ አመልካች ጣቱን ስልኩ ጀርባ ላይ ለጥፎ «ቆይ፣ ቆይ! አታናግረኝ፣ እየቆጠረ ነው» አለኝ። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሐውልት መስለን ቆምን። ጎንበስ ያደረጋትን ጭነት እንጨት ያዘለች አንዲት እናት በአጠገባችን ስታልፍ «እንደምን አደራችሁ» አለችን። እግዚአብሔር ይመስገን ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። እሱ እየተቆጠረ ነበር።

«128!» አለኝ በመጨረሻ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ፊቱ በርቶ። «ዞኔ ውስጥ ነኝ።»

«የቱ ዞን? ምዕራብ ጎጃም?» አልኩት። አልሳቀም።

ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። የልብ ምት የሚቆጥሩ አፖች አሉ። ጣት ካሜራው ላይ ሲያርፍ የስልኩ መብራት ይበራል፤ ልብ በመታ ቁጥር በጣት ውስጥ የሚያልፈው ደም ስለሚጨምር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን በጥቂቱ ይደበዝዛል። ስልኩ የሚቆጥረው ያንን ነው። የእጅ ሰዓቶቹም በአረንጓዴ ብርሃን የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ብልሃቱ ግሩም ነው፣ አልክድም። ጸጥ ብለው ተቀምጠው ከለኩ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ሲሮጡና እጅ ሲወዛወዝ ግን መሳት ያመጣል። አፕል ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ንቅሳት የሰዓቱን ንባብ ሊያዛባ እንደሚችል አምኗል። አንገታቸውንና እጃቸውን የተነቀሱት የጎጃም እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ «ድሮስ ማን ቁጠረኝ አለው?» ማለታቸው አይቀርም።

የኔ ጠብ ግን ከቆጣሪው ጋር አይደለም፤ ከፈራጁ ጋር ነው። አፑ ቆጥሮ ዝም ቢል ምን ቸገረኝ! ቆጥሮ ይፈርዳል። «አረንጓዴ ነህ፣ ስብ እያቃጠልክ ነው፣ ጎበዝ፣ ቀጥል» ይላል። ፍርዱን ከየት አመጣው? በአብዛኞቹ አፖች ውስጥ ያለው ሕግ አንድ መስመር ነው፦ 220 ሲቀነስ ዕድሜ። የሚወጣው ቁጥር የልብ ጣሪያ ይባልና በመቶኛ ይሸነሸናል። ይህን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ሳሙኤል ፎክስና ዊልያም ሃስኬል የተባሉ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ያገኙት ሌሎች ከሠሯቸው አሥር ያህል ጥናቶች የተለቀሙ ነጥቦችን ወረቀት ላይ አስቀምጠው፣ መስመር አስምረውባቸው ነው። ሃስኬል ራሱ ከዓመታት በኋላ ነገሩ ሰውን ሁሉ የሚገዛ ሕግ እንዲሆን ታስቦ እንዳልነበር ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 ታናካና ባልደረቦቹ ሌላ ስሌት አመጡ፦ 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጅ። የ58 ዓመቱ ወዳጄ በፊተኛው 162፣ በኋለኛው 167 ይሆናል። የቱ ነው ልቡ? ሁለቱም አይደሉም፤ ሁለቱም የብዙ ሰዎች አማካይ ናቸው። አንድ ጤነኛ ሰው ከአማካዩ በ10 ወይም በ12 ምት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የሚገርም ነገር የለውም።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን አዲስ ተማሪዎችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ልብ ወለድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነበር። ልብ የወለደው፣ ሊሆን የሚችል፣ ግን ያልሆነ ታሪክ ነው እንባባላለን። እንግዲህ ወዳጄ በየማለዳው የሚያነበው ልብ ወለድ ነው፤ ደራሲው ስልክ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ጨዋ ልብ ወለድ ግን ሽፋኑ ላይ ልብ ወለድ ነኝ ብሎ ይጽፋል።

ይህ ሁሉ በቀልድ ቢያልፍ ብዕር ባላነሣሁ። ብዕር ያስነሣኝ የቡሬው ነገር ነው።

ቡሬ ውስጥ በርበሬና በቆሎ ሲነግድ የኖረ ዘመድ አለኝ። አያ እያልኩ ያደግሁ ታላቄ ነው። ደም ግፊት እንዳለበት ከታወቀ ዓመታት ያለፉ ሲሆን በየቀኑ የሚወስደው ክኒን ታዞለታል። አዲስ አበባ የሚሠራው ልጁ፣ አባቱን የሚወድ ልጅ፣ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዝቶ ላከለት። አያ ሰዓቱን ወደደው። ለጎረቤት ያሳያል፣ ለቀጠና ሽማግሌ ያሳያል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክኒኑን ተወ። ባለቤቱ ስትቆጣው የሚመልሰው አንድ ነበር፦ «ልቤ 68 ነው የሚመታው፣ አረንጓዴ ነው። ምን ሆንኩና ነው መድኃኒት የምውጠው?»

አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣ ሲኒው ከእጁ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አፉ ተጣመመ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ግፊቱ 210 በ120 ነበር። ሰዓቱ በግራ እጁ ላይ እንዳለ ነው። 76 ይላል፤ አረንጓዴ።

በሕይወት አለ፣ ተመስገን። ነገር ግን ገበያውን በአንደበቱ ያንቀሳቅስ የነበረ ሰው ዛሬ ውኃ አምጡልኝ ለማለት ላብ ያጠምቀዋል። ልጁ «ያን ሰዓት እኔ ነኝ የገዛሁት» እያለ ያለቅሳል። ልጄ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ያንተ ስጦታ ነበር። ጥፋቱ ያልለካውን ነገር እንደለካ አስመስሎ አረንጓዴ የሚያበራው ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ ይህን እያየን «ዘመናዊ ሆነሃል» እያልን ያጨበጨብን የኛ የተማርነው ነው።

የልብ ምትና የደም ግፊት ለየቅል ናቸው። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ላህ ወንዝ ዳር በሞተር ውኃ ስቦ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ጠይቁ። ሞተሩ ረጋ ብሎ እየመታ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። ምት የሞተሩ ፍጥነት ነው፤ ግፊት ቱቦው የተሸከመው ጉልበት ነው። እንዲያውም እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ምቱን ራሱን ዝቅ ስለሚያደርጉት፣ እነሱን የሚወስድ ሰው በ220ው ሕግ ልሩጥ ቢል አፑ «ገና ነህ፣ ጨምር» እያለ ከአቅሙ በላይ ሊገፋው ይችላል።

ልብ ደግሞ የሚመታው በሩጫ ብቻ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ የ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በዚህች ከተማ ላይ እንዴት እንዳለፈ ግን ያለፈበት ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ግጭቱ ሞባይል ኢንተርኔቱን ለብዙ ወራት ሲዘጋ፣ መንገዱን ሲዘጋ፣ የሰውን እንቅልፍ ሲነሳ ኖረ። ያ ባለ 128 ወዳጄ አንድ ምሽት ተኩስ ሲሰማ ከነቤተሰቡ መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ የእጁ ሰዓት ነዘረው። ቢያየው «ግሩም! የዛሬውን እንቅስቃሴህን አሳክተሃል» ይላል። ይህን ሲነግረኝ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀብን። የፍርሃትን ምትና የሩጫን ምት መለየት የማይችል ነገር ስለ ልባችን ምን ሊነግረን ይችላል?

«አንተ ድሮም ቴክኖሎጂ አትወድም» የሚሉኝ አሉ። ውሸት ነው። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ ያለ ሽቦ የሚሠራ የልብ ምት መለኪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ደረት ላይ የሚታሰረው ዓይነት እስከ ዛሬ ይታመናል፤ ሯጮች ቢጠቀሙበት አግባብ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ሲያሸንፍ ምን መሣሪያ ነበረው የሚል ተረትም አልተርትም። አበበ ኦኒ ኒስካነን የሚባል አሠልጣኝ ነበረው፤ ሰዓት ይዞ የሚለካው፣ ደግሞም ልኩን ከሰውየው ጋር የሚያገናዝብ። ቁጥሩ ሰው ነበረው። የኛ ቁጥር ግን ወላጅ የሌለው ቁጥር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ አሁን ወረቀቱ ስልክ ሆነ እንጂ ሞኙ ያው እኛው ነን።

ሩጫውንም ሆነ እርምጃውን አልቃወምም። ተራመዱ። ልኩን ለማወቅ ሐኪሞችና አሠልጣኞች የሚመክሩት፣ ባትሪ የማይፈልግ መለኪያ አለ፦ እየተራመዱ ማውራት ከቻሉና መዝፈን ካቃተዎት መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽዎ ከተቆረጠ ከብዷል፤ ቀነስ ያድርጉ። ምት መቁጠር ካሻዎትም ሁለት ጣት የእጅዎ አንጓ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ያለ ሰዓት፣ 30 ሰከንድ፣ ሲባዛ በ2። አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ ክንድ ላይ በሚጠመጠም ጨርቅና በጆሮ ማዳመጫ ሁለቱን የግፊት ቁጥሮች መለየት እንደሚቻል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን በዓለም ላይ የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም። አያ ያውቅ ነበር፤ ሰዓቱ አስረሳው። የማያውቁት ስንቶች ናቸው?

እስቲ የየዕድራችንን ዕቃ ቤት ከፍተን እንይ። ድንኳን አለ። አግዳሚ ወንበር አለ። ብረት ድስት አለ። ሳህንና ብርጭቆ በቁጥር አለ፤ የጎደለውን ዳኛው ያስከፍላል። ለሞተው ሰው ያልገዛነው ነገር የለም። ላልሞተው የገዛነው ምን አለ? አንድ የግፊት መለኪያ በዕድሩ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ፣ በወር ስብሰባው ዕለት ከወርኃዊ መዋጮው ጋር ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ቢለካ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቁጥሩን መዝግባ 140 በ90 የደረሰውን ወደ ጤና ጣቢያ ብትልከው፣ ክኒኑን የተወውን ደግሞ ዳኛው ራሱ ቢቆጣው ምን ይጎዳናል? የቀረ ሰው የምንቀጣው ለቀብር ብቻ መሆን አለበት እንዴ? ዋጋው ውድ ነው የሚለኝ ካለ ከአንድ ድንኳን ዋጋ ጋር ያስተያየው።

ይህን ለወዳጄ ነግሬዋለሁ። የዕድሩ ጸሐፊ እሱ ነው። አፑን ተወው አላልኩትም፤ ትልቅ ሰው ነው። ግን አንድ ነገር አስታወስኩት፦ ያን ዕለት ማለዳ ጭነት እንጨት ተሸክማ፣ ዳገት ወጥታ፣ ትንፋሿ ሳይቆረጥ እንደምን አደራችሁ ያለችን እናት። በማውራቱ መለኪያ ከሆነ ካንተም ከኔም ትበልጣለች አልኩት። ግፊቷን ግን ማንም ለክቶት አያውቅ ይሆናል። መለኪያው ሲገዛ መጀመሪያ እሷን ጥሯት። ስታልፍም እግዚአብሔር ይመስገን በላት።