ኤሲውን አትፍሩት፣ እጠቡት

ድሬዳዋ ሙቀቱ ሲጠነክር እኔ ዘንድ የሚመጡ እናቶች ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሆናል። «ዶክተር፣ ልጄን ያሳመመው ኤሲው ነው አይደል?» ይሉኛል። ብዙዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ፈርደው ጨርሰዋል። ኤሲው ጠፍቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ውጪው ደግሞ 36 ዲግሪ ነው።

ሐሳቤን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ኤሲ በሽታ አይደለም። እንደኛ ባለ ሞቃት ከተማ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት «ኤሲ ቅንጦት ነው» የሚለውንም አልቀበልም። የሚያሳምመው ከተገጠመ ጀምሮ ታጥቦ የማያውቅ ኤሲ ነው። የሚገድለው ደግሞ ኤሲ በርቶ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ከሰል የሚነድበት ክፍል ነው። ለሳል ሽሮፕና ሐኪም ላላዘዘው አንቲባዮቲክ ከምታወጡት ብር ላይ ቀንሳችሁ ኤሲውን ሰርቪስ ብታስደርጉት ልጃችሁ የበለጠ ይጠቀማል ባይ ነኝ።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከአንድ የተሳሳተ ግምት ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኤሲ ከውጪ ንጹሕ አየር የሚያስገባ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አያስገባም። ውጪ የተቀመጠው ትልቁ ሳጥን ሥራው የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጪ መጣል ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚመላለሰውም ጋዝ እንጂ አየር አይደለም። ውስጥ ያለው ክፍል ያንኑ የቤታችሁን አየር ይስባል፣ ያቀዘቅዛል፣ መልሶ ይለቃል። ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሱት ያንኑ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ አቧራውንም፣ ሻጋታውንም፣ ጭሱንም ደጋግማችሁ ትተነፍሱታላችሁ።

የድሬን አቧራ ታውቁታላችሁ። የደቻቱ አሸዋ ደርቆ ነፋስ ሲያነሳው ከፊልተሩ ላይ ያርፋል። የኤሲውን የፊት ክዳን ወደ ላይ ስታነሱት እንደ ወንፊት ያለ የፕላስቲክ መረብ ታገኛላችሁ፤ ፊልተሩ እሱ ነው። ለእሱ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ኤሲውን አጥፉና መረቡን ሳብ አድርጋችሁ አውጡት። ቤት ውስጥ አታራግፉት፣ በተለይ አስም ያለበት ልጅ አጠገብ። ውጪ ወስዳችሁ በውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ሥር አድርቁት፣ በደንብ ሲደርቅ መልሱት። በእኛ አቧራ በየሁለት ሳምንቱ ብታደርጉት ጥሩ ነው፤ ቢበዛ ከወር አይለፍ።

ከፊልተሩ ጀርባ ያለው ግን የባለሙያ ሥራ ነው። አየሩን የሚያቀዘቅዘው ብረት ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ከሥሩም ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ አለ። አቧራና እርጥበት ከተገናኙ ሻጋታ ይበቅላል። ኤሲው ሲበራ ሳይደርቅ የታጠፈ ጨርቅ የሚመስል ሽታ ከመጣ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ውሃ መውረድ ከጀመረ መልእክቱ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጃችሁ ሃያ ጊዜ ካስነጠሰ፣ ዓይኑን ካሸ፣ ሌሊት ደረቅ ሳል ካሳለና ቀን ደህና ከሆነ፣ አንቲባዮቲክ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ክዳኑንም ከፍታችሁ እዩት። አለርጂና አስም በአንቲባዮቲክ አይድኑም።

ሙቀቱ ሳይጠነክር፣ ሚያዝያ ላይ፣ ባለሙያ ጠርታችሁ ብረቱን፣ ገንዳውንና የውሃ መውረጃ ቱቦውን አሳጥቡ። ሲታጠብ ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ አይሁኑ። አንድ ነገር ደግሞ ከሙያዬ ውጪ ብሆንም ልበላችሁ። በየዓመቱ «ጋዙ አልቋል» እየተባላችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ጠይቁ። የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየነደደ አያልቅም። ቀነሰ ማለት የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ሳይደፈን ቢሞላ ተመልሶ ይወጣል። ፊልተሩ በቆሻሻ ስለተዘጋ ብቻ አላቀዘቅዝ ያለ ኤሲም «ጋዝ ይሞላ» ሊባል ይችላል።

«ታዲያ ብርዱስ?» ትሉኛላችሁ። የሳንባ ምች የሚያመጡት ቫይረስና ባክቴሪያ ናቸው፤ ብርድ ብቻውን አያመጣውም። ይህ ማለት ግን ኤሲውን 16 ላይ አድርጋችሁ ነፋሱን በሕፃን ፊት ላይ ልቀቁት ማለት አይደለም። ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ለአብዛኛው ቤት በቂ ነው፤ የነፋሱን አቅጣጫ ከአልጋው አርቁት። የዓለም ጤና ድርጅት የማዋለጃ ክፍል ከ25 እስከ 28 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል፤ ስለዚህ ጨቅላ ያለበትን ክፍል ከዚያ በታች አታውርዱት። እጁና እግሩ ቀዝቀዝ ማለቱ አያስደንግጣችሁ፤ ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳሱ። እዚያ ላይ ላብ ካለ ልብሱ በዝቷል። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ደግሞ በጋቢ አትጠቅልሉ፣ እባካችሁ። ይልቅ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ ወይም መጥባት ካቃተው ያኔ ስለ ኤሲ አትከራከሩ፣ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ድሮ ቡናው የሚፈላው በረንዳ ላይ ወይም ነፋስ በሚገባበት ቤት ነበር። ዛሬ ኤሲ ስለተገጠመ፣ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ መስኮቱ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ቡናው ግን በከሰል መፍላቱን ቀጥሏል። ዕጣኑም ይጨመርበታል። በርጫውም እንደዚያው ነው፤ ክፍሉ ዝግ፣ ማጨሻው በርቶ፣ ሰዓታት ይቆያል። የአራስ ክፍል ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። «አራሷን ነፋስ እንዳይመታት» ተብሎ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈንና ከሰል ይገባል፣ አጠገቡ የቀናት ዕድሜ ያለው ሕፃን ይተኛል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። «ከሰሉ በደንብ ተያይዟል፣ ጭስ የለውም፣ ችግር የለም» የሚለው አባባል ሰው ገዳይ ነው። ቀይ ሆኖ የሚያምረው ከሰልም ይህን ጋዝ ያወጣል። ዕጣኑ ሽታውን ያሳምረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የራሱ ጭስ ደግሞ አስም ይቀሰቅሳል። ኤሲውም አያጣራውም። የፊልተሩ መረብ አቧራ ይይዝ እንጂ ይህን ጋዝ አይዝም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ አየሩ ንጹሕ ይመስላችኋል። ከሰል ባለበት ሙቅ ክፍል ውስጥ ሰው ታፍኖ ራሱ መስኮት ይከፍት ነበር፤ በቀዘቀዘው ክፍል ግን ማንም አይነሳም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካምና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። እንደ ጉንፋን ወይም እንደ ምግብ መመረዝ ሊታሰብ ይችላል። እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ እቤት ውስጥ አብረዋችሁ የነበሩትንም በአንድ ሰዓት አሟቸዋል? ውጪ ስትወጡ ይሻላችኋል? መልሱ አዎ ከሆነ ከሰሉን ጠርጥሩ። ሁሉንም ሰው ወደ ውጪ አውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዷቸው፤ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና የልብ ሕመምተኛ። ስትደርሱ «ከሰል ነበር» ብላችሁ መናገራችሁን አትርሱ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጋዝ ይሸወዳል፤ ሰውየው ተመርዞም መደበኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ቡናችሁን ተዉ አልልም፤ እኔም ሳልጠጣ አልውልም። ቡና ሲፈላ ኤሲውን አጥፉ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ አየር ይተላለፍ። ወይም በረንዳው ላይ ይፈላና ጀበናው ብቻ ይግባ። መብራት ሲጠፋ ኤሲውን ለማስነሳት ጄኔሬተር ያላችሁም እንደዚሁ፤ ጄኔሬተሩ ከመስኮት ርቆ ውጪ ይቀመጥ፣ በረንዳ ላይ አይሁን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሐረር ወይም ጅጅጋ ዘመድ ጥየቃ ስትወጡ ብርዱን ለመከላከል ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ። ሁለት ብርድ ልብስ ይበልጣል።

ኤሲ የሌላችሁ፣ አብዛኛው ሰው ማለት ነው፣ ቬንትሌተር ጥሩ ነው፤ ላስቲኮቹ ላይ የሚጋገረውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ነገር ግን አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲበልጥ፣ ሰመራና ሎግያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቬንትሌተር ሙቅ አየር እየገፋ ሰውነትን ያሞቃል። ያኔ ገላን በውሃ ማራስ፣ ውሃ መጠጣት፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ውሃ ሳይሆን ጡት ቶሎ ቶሎ መስጠት ነው የሚያዋጣው።

አንድ የቀረኝ ባልዲው ነው። ከኤሲው መውረጃ ቱቦ ሥር ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጄሪካን አስቀምጣችሁ ውሃውን የምታጠራቅሙ ብዙ ናችሁ፤ ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ እረዳችኋለሁ። ግን ከተማችን በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉኒያ፣ በ2022 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ አይታለች። የደንጊዋም ትንኝ፣ ከተማ የለመደችው አዲሷ የወባ ትንኝ ስቴፈንሲም በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ይራባሉ፤ በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃቸዋል። ውሃውን በየቀኑ ለመሬት ማጠቢያ ተጠቀሙበት፣ ወይም ክደኑት። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ድፉትና ጎኑን በብሩሽ እሹት፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን የምታጣብቀው ከውሃው ከፍ ብሎ ካለው ግድግዳው ላይ ነውና መድፋቱ ብቻ አያስለቅቀውም።