ጸልየን ስንሸኝ የመሳፈሪያውንም እንስጥ



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ስንሰብከውም ስንሰማውም ልባችን የሚያርፈው ሳምራዊው በማዘኑ ላይ ነው። ጌታ ግን ታሪኩን እዚያ ላይ አላቆመውም። ሰውየው ቁስሉን አጥቦ አሰረለት፤ በራሱ አህያ ላይ ጫነው፤ ወደ ማደሪያ ወሰደው፤ በማግስቱ ሁለት ዲናር ቆጥሮ ለቤቱ ጌታ ሰጠ፤ ተጨማሪ ወጪ ቢኖር ሲመለስ እንደሚከፍልም ቃል ገባ። ሕክምና፣ መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ገንዘብ፣ ክትትል፦ አንድም የጎደለ የለም። የሳምራዊው ርኅራኄ ዋጋው ተተምኖ የተከፈለ ርኅራኄ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ስሙን እንኳ ለመጥራት ስለምንፈራው በሽታ፣ ስለ ካንሰር ልነግራችሁ ስለ ፈለግሁ ነው። በአገራችን በየዓመቱ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው አዲስ በካንሰር እንደሚያዝ ይገመታል። በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ በመጀመሪያ የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ጉዳይ ነው። በየአጥቢያችን ወንበሩን የሚሞሉት፣ በጸሎት ኅብረት የሚተጉት፣ ለእንግዳ ቡና የሚያፈሉት እነርሱ ናቸው።

ማሽኑ መጥቷል፤ ታማሚዋስ?

ከሃያ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከመላ አገሪቱ የሚመጣ ሰው ሁሉ እዚያው ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ ወረፋው ወራት ይወስድ ስለነበር ተራው ሳይደርሰው የሄደው ጥቂት አይደለም። ዛሬ ግን የጨረር ሕክምና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ደርሷል። ከቦንጋ ጅማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለካፋ ሕዝብ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው፤ ጌታን ልናመሰግንበት ይገባል።

ነገር ግን ከቢታ ገነት የምትነሣ አንዲት እናት መንገዷን እንቁጠርላት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ከዚያ ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ትላካለች። ዕብጠቱ ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነውና ወደ ጅማ ሪፈር ይጻፍላታል። ኬሞ ከታዘዘላት ብዙውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ መመላለስ አለባት። ጨረር ከታዘዘላት ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት ነው። ብቻዋን አትሄድም፤ የሚያስታምማት ሰው ያስፈልጋል። ለሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ ለሁለት ሰው ምግብ፣ አልጋ መከራየት። እቤት የቀሩት ልጆች፣ ያልተለቀመው ቡና፣ ያልተፋቀው እንሰት አለ። የጤና መድን ቢኖራትም መድኑ የመኪናና የአልጋ አይከፍልም።

እንግዲህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ላይ ብሩ ያልቃል። «ተሽሎኛል» ብላ ትቀራለች። አልተሻላትም፤ አልቆባት ነው። ማሽኑ ጅማ ደርሷል፣ እርሷ ግን አልደረሰችም።

ማሽን ገዝቶ መትከል፣ ሐኪም ማሠልጠን የመንግሥት ድርሻ ነው። አንድ አጥቢያ የጨረር ማሽን ሊገዛ አይችልም። እርሷን እስከ ማሽኑ ማድረስ ግን ይችላል። የኛ ስጦታ ቦታው እዚህ ጋ ነው እላለሁ።

ጥቂት ስጦታ የሠራው

ይህ ባዶ ተስፋ አይደለም። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር አጥተው ነበር። ኀዘናቸውን ይዘው እቤት አልተቀመጡም፤ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ድርጅቱ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ፣ ምግብና የመጓጓዣ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ድርጅትም እንዲሁ በካንሰር ለሚታከሙ ሕፃናትና ለቤተሰባቸው አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ አዘጋጅቷል። ሁለቱም የተነሡት ከወላጅ ልብ ነው፤ የቆሙት ደግሞ በሰው ስጦታ ነው። የሳምራዊው ማደሪያ ቤት ማለት ይኸው ነው።

ለጥናት መስጠት ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። «በሽተኛ እያለ ለወረቀት?» እንላለን። በምዕራብ ወለጋ የሚገኘውን የአይራ ሆስፒታልን ተመልከቱ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ነው። እዚያ የጡት ካንሰር የታከሙ የገጠር ሴቶች ከሕክምናው በኋላ እንዴት እንደሆኑ የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ከትልቅ ከተማ ርቆ፣ ጨረር በሌለበት፣ በቀዶ ሕክምናና ታሞክሲፈን በሚባል እንክብል ሴቶችን ማከም እንደሚቻል የታየው አንዱ በዚያ ነው። ታሞክሲፈን ውድ መድኃኒት አይደለም፤ ነገር ግን ለሚስማማት ሴት በየቀኑ፣ ለአምስት ዓመት ያህል ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ቆየት ብሎ በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ ሌላ ጥናት፣ የሠለጠኑ ነርሶች ታካሚዎችን ሲያስተምሩና ሲከታተሉ እንክብሉን ሳያቋርጡ የሚወስዱት ሴቶች ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ልብ በሉ! ለውጡን ያመጣው አዲስ ማሽን አይደለም፤ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህን የምናውቀው ደግሞ አንድ ሰው ቆጥሮ ስለጻፈው ነው። በ2004 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ የተጀመረው የካንሰር ምዝገባ የአዲስ አበባን ነዋሪ ይቆጥራል፤ የአገሪቱ ግምት በአብዛኛው ሲያርፍ የኖረው በዚያ ላይ ነው። ምርመራ ሳታገኝ ቢታ ውስጥ በቤቷ ያረፈች እናት በየትኛውም መዝገብ የለችም። ያልተቆጠረ ደግሞ አይታቀድለትም። መቶውን በግ ቆጥሮ አንዱ እንደ ጎደለ ያወቀው እረኛ የኛ ጌታ መሆኑን አንርሳ።

ስለ ፈውስ ጸሎት

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር በፍቅር ልናገር። ጌታ ይፈውሳል፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን «ከተጸለየልሽ በኋላ መድኃኒት መውሰድ አለማመን ነው» የሚል ትምህርት ሰው ይገድላል። ካንሰር የሚታከምበት ጊዜ አለው፤ ጊዜው ሲያልፍ አይመለስም። ዕብጠት ያየች እኅት ወደ ሽማግሌዎች ስትመጣ ዘይት ቀብተን እንጸልይላት፤ በዚያው ቀን ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ እንላካት። የተፈወሰም ሐኪም ቢያየው ምስክርነቱ ይጠነክራል እንጂ አይቀንስም። ያዕቆብም በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ የተራበውንና የታረዘውን በመልካም ቃል ብቻ መሸኘት ምን እንደሚጠቅም ይጠይቀናል። እኛም በጸሎት ብቻ ሸኝተን የመሳፈሪያውን ስንከለክል ያው ጥያቄ ይደርሰናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እድራችንን ተመልከቱ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው በሰዓታት ውስጥ ይሟላል። እንዴት ያለ መልካም ሥርዓት ነው! ግን የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው። በሕይወት ላለው የሚደርስ እንዲሁ የተደራጀ ነገር በየአጥቢያው ይኑረን።

የካፋ ሰው እጁ ላይ ብር የሚገባው ቡና ሲደርስና ማር ሲቆረጥ ነው። የመከር ምስጋና ስናቀርብ ከዚያ ላይ የተወሰነውን ለሕሙማን መንገድ እንለይ። ውጭ አገር ያሉ ወገኖችም በጭንቅ ሰዓት አንድ ጊዜ ብዙ ከመላክ በየወሩ ጥቂት ቢልኩ ይሻላል፤ ሕክምናው ረጅም ነውና።

ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይውጣ፤ ሒሳቡ ለጉባኤ ይነገር፤ የታማሚው ስም ግን አይነገር። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ብሎ ታማኝ ወንድሞችን አብሮ ልኮ ነበር። የታመመችን እኅት መድረክ ላይ አቁሞ ወይም ፎቶዋን በስልክ በትኖ መለመን ግን ክብሯን መግፈፍ ነው።

አንድ ዲያቆን ወይም አንዲት እኅት በየሳምንቱ እየደወለ የሚከታተል ይመደብ። እናቶች ከ30 ዓመት ጀምሮ የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ እንዲያደርጉ በእናቶች ኅብረት እናስተምር፤ በአቼቶ የሚደረግና ደቂቃዎች የሚፈጅ ቀላል ምርመራ ነው፣ ቅድመ ካንሰር ቁስል ቢገኝ ሳይብስ ይታከማል። ልጃገረዶቻችንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠውን የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በወሬ ፈርተን አናስቀርባቸው።

«እኛ ራሳችን ድሆች ነን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የመቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናትም ድሆች ነበሩ፤ ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው እነርሱን ነው። ሳምራዊውም የሰጠው ሁለት ዲናር የሁለት ቀን የጉልበት ዋጋ ነበር። በማደሪያው ለማስታመሚያ ውሏል።

ጌታ ሆይ፣ በመንገድ ዳር የወደቁትን አይተን እንዳናልፍ ዓይናችንን ክፈት። እጃችንንም ክፈት። አሜን።